ወላጅ የሚጠራው ለጥፋት ብቻ ነው? ጥያቄና መልስ

በአራዳና በልደታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥም ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ። ስለ ቤተሰብና ትምህርት ቤት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ የመጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት የምሄደው ካርድ ለመቀበል ነው። ሌላ ጊዜ ከተጠራሁ ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው። ስልኩ ሲጮህ ልቤ ድንግጥ ይላል።

መልስ፦ አንቺ ብቻ አይደለሽም። «ወላጅ ይዘህ ና» እኛ ዘንድ ቅጣት ነው። ልጁም ወላጁም እንደ ፖሊስ ጣቢያ መጥሪያ ያዩታል። «ወላጅ አይመጣም» እያልን የምናማርረው መምህራን ነን፤ ያስለመድነውም እኛው ነን። ስለዚህ እስክትጠሪ አትጠብቂ። መስከረም ላይ፣ ገና ጥፋት ሳይኖር፣ ልጅሽን ስታደርሺ ቆም ብለሽ ከመምህሯ ጋር ተዋወቂ። «ስንተኛ ወጣ?» አትበያት። «ሲያነብ የት ላይ ይይዘዋል? ከማን ጋር ይቀመጣል? እጁን ያወጣል?» በያት። መልስ ካላት ልጅሽን ታውቀዋለች። ከሌላት ደግሞ ከነገ ጀምሮ ታየዋለች።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ ልደታ አካባቢ። ስብሰባ ስንጠራ ክፍሉ ሩቡ እንኳ አይሞላም። ወላጆች ግድ የላቸውም ማለት ነው?

መልስ፦ መጥሪያው ላይ «ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል አለ ብዬ ልወራረድ? ጉሊት የምትቸረችር እናት በዚያ ሰዓት ገበያዋን ጥላ አትመጣም። በጥበቃ ሥራ ያደረ አባት ገና መተኛቱ ነው። እሁድ ከሰዓት ሞክሪ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ራሳቸውን መጠየቅ ነው።

ሌላው ጣጣ አጀንዳው ነው። ሰው መዋጮ መሆኑን ከጠረጠረ «አሞኛል» ይላል። አንዲት የማውቃት መምህርት ስብሰባውን በንግግር አልጀመረችም። እያንዳንዱ ልጅ ራሱ የመረጣትን አንቀጽ ለወላጁ አነበበ፤ በየዴስኩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ጫጫታው ለጉድ ነበር። አንዲት አያት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ የልጅ ልጃቸው ጣት ከቃል ወደ ቃል ስትሄድ በዓይናቸው ይከተሉ ነበር። የርእሰ መምህሩ ንግግር ሰዓት አልበቃውም። ማንም ቅር አላለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበር ጠፋ።

ጥያቄ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን የቤት ሥራ እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ አይርዱት። የተማሩት ወላጆችም እኮ ራሳቸው እየሠሩለት ልጁን ያሰንፉታል። እርስዎ ማታ ደብተሩን ያስከፍቱት። አዲስ የተጻፈበት ገጽ አለ? ቀይ እስክሪብቶ አርፎበታል? ይህን ለማየት ማንበብ አያሻም። «ምን ተማርክ?» ካሉት «ምንም» ይልዎታል። «ይቺን ገጽ አንብብልኝ፣ ከዚያ በራስህ አፍ ንገረኝ» ይበሉት። ካልገባዎት ያስደግሙት። ማስረዳት ካቃተው ለእሱም አልገባውም ማለት ነው፤ ይህንኑ ለመምህሩ ይንገሩ። ሲጨርስ እርስዎ በተራዎ ተረት ይንገሩት። ልጅ ቃል የሚያጠራቅመው ከዚያም ነው።

ጥያቄ፦ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ገንዘብ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከአራቱ ዋና ጉዳዮች አንዱ ነው። ሌሎቹ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ እና አመራር ናቸው። ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድና ትምህርት ቤቱ የሚያገኘውን ድጎማ ወጪ አሳዩን ማለት መብታችሁ ነው። ሲመረጥ ግን «እሳቸው ይሁኑ» ብላችሁ አጨብጭባችሁ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል። አይበቃም?

መልስ፦ «ነገ ትምህርት የለም» ለማለት ይበቃል። ማንበብ ለማይችሉት በድምፅ ላኩ። የልጆች ውጤት እዚያ ላይ አይለጠፍ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ከእኛ ምን ቀረ?

መልስ፦ ከተማው ምገባውን በ2012 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ አንድ ያልተጠቀምንበት ነገር አለ፤ ምግቡን ለልጆቹ የሚያቀርቡት መጋቢ እናቶች። ብዙዎቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው ልጅ ሳህኑን ሳይነካ እንደመለሰ፣ ማን ብቻውን እንደሚበላ ያውቃሉ። መምህሩ የሚያየው ግን ሰልፉን ነው። እነሱን ስብሰባ ላይ የሚጠራቸው ትምህርት ቤት እምብዛም አላየሁም። እናንተ ጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ተነስተን ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጄን ግን ከድሮ ትምህርት ቤቷ አላስወጣኋትም። ለመድረስ ራሱ መከራ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊዋ በስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ ንገሪ። አለበለዚያ ስታንቀላፋ ሰነፍ ትባላለች። ከዚያ እዚያው አካባቢ የቀረች አክስት ወይም የድሮ ጎረቤት ካለች ስሟንና ስልኳን አስመዝግቢ። ቢያማት ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አንቺ ከመምህሯ ጋር በስልክ ተገናኚ፤ ዓርብ ማታ ከሆነ ሁለታችሁም ትረጋጋላችሁ።