ጭምብል፣ ዓይነ ርግብ እና ማስክ

ጥያቄ፦ በምሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ «ጭምብል አለን» ብለን ብንለጥፍ፣ አንድ አረጋዊ ደንበኛችን «ጭምብልስ የሌባ ነው» አሉን። ቃሉ በኮሮና ጊዜ የመጣ ነውን? ከዓይነ ርግብስ በምን ይለያል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጭምብል ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ የነበረ ቃል ነው። ማንነትን ለመሰወር ወይም ሌላ መስሎ ለመታየት ፊት ላይ የሚጠለቅ ሽፋን ማለት ሲሆን፣ አስመሳይ ሰው ሲጋለጥም «ጭምብሉ ተገፈፈ» ይባላል፤ የአረጋዊው ቅሬታ ከዚሁ የመነጨ ነውና ልንሰማው ይገባል። ዓይነ ርግብ ግን ሙሽሮችና እመቤቶች የሚከናነቡት ስስ መሸፈኛ ነው፤ ለባሿ ከውስጥ ሆና ታያለች፣ ፊቷ ግን ለተመልካች ደብዘዝ ብሎ ይታያል። የሚሸፍነው ለክብር እንጂ ለማታለል ስላልሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። በነገራችን ላይ፣ በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የቀደሙት ሠዓሊዎች ክፉውን ሰው የሚለዩት ጭምብል በማጥለቅ ሳይሆን፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ በመሣል ነው። ለመድኃኒት ቤታችሁ «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ከረዘመባችሁ ሁሉም የሚያውቀው «ማስክ» ይበቃል።