ከጆርጂያ የሚመጣው ፋጅ የአባቴን የእግር ቁስል ይጎዳው ይሆን? ላልከው

ፋጁ ራሱ አባትህን አያጠቃም። ባክቴሪያን ብቻ የሚወር ቫይረስ ነው፤ በሰው ሴል ውስጥ መራባት አይችልም። በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ያለው፣ ፋጅን የሚያጠናውና ለሕክምና የሚያዘጋጀው የኤሊያቫ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ሕክምናው አዲስ ሙከራ አይደለም።

የሚያሰጋው ንጽሕናው ነው። በደንብ ካልተጣራ የፈነዱ ባክቴሪያዎች ቅሪት ትኩሳት ያስነሳል። ደግሞም አንድ ፋጅ የሚገድለው የተወሰነ ዝርያን ብቻ ነው፤ ካልገጠመ የስኳር ሕመምተኛ እግር ቀን አይሰጥም። ስለዚህ አስቀድመህ ካልቸር (የቁስሉን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) አሠራ፣ ውጤቱን ለሐኪሙ አሳይ፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት እንዳያቋርጥ።

እዚህ ድሬዳዋ ላቦራቶሪ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት አለ፦ ናሙናው ከላይ ከደረቀው መግል ይወሰድና የሚያድገው የቆዳ ባክቴሪያ ይሆናል። እባክህ፣ ቁስሉ በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ታጥቦ ናሙናው ከጥልቁ እንዲወሰድ አጥብቀህ ጠይቅ።