ቤዝ ተጫዋቹ ሲሄድ ድራመሩ ምን ያድርግ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። የሙዚቃ ተማሪ ነህ፣ ድራም ትመታለህ። ሩዊንስ የሚባለውን የጃፓን የድራምና የቤዝ ባንድ ሰምተህ ከቤዝ ተጫዋች ጓደኛህ ጋር ለሁለት ባንድ መሠረታችሁ። አሁን እሱ ውጭ ሄደ። ሰዉ ደግሞ «ኩረጃ ነው» እያለ አሰልችቶሃል። «ልተወው ወይ?» ብለሃል።

አትተወው። ከኩረጃው ልጀምር፤ ይበልጥ የጎዳህ እሱ ይመስለኛል።

ድራመሩ ታትሱያ ዮሺዳ ሩዊንስን እ.ኤ.አ. በ1985 ቶኪዮ ውስጥ ሲመሠርት እሱም የሚያደንቀው ባንድ ነበረው፤ የፈረንሳዩ ማግማ። የማግማው መሪ ክርስቲያን ቫንደር እንዳንተ ድራመር ነው። የሚዘፍነው ራሱ በፈጠረው ቋንቋ ነው። ዮሺዳም ከራሱ ባወጣቸው ቃላት ይዘፍናል። ግን ማግማ በብዙ ድምፃውያን፣ በረጅም ድግግሞሽ ቀስ እያለ የሚያከማቸውን ኃይል ዮሺዳ በድራምና በቤዝ ብቻ ጨመቀው። ምቱ በድንገት ይሰበራል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ሁለቱ እኩል ይነሳሉ። ማንም ሰምቶ ከማግማ ጋር አያምታታውም። ቫንደር ራሱም የአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎኒስት የጆን ኮልትሬን ፍቅር የያዘው ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ ትውልድ ወደኋላ ሂድ። ማግማን ስማ፤ ከኮልትሬን ጋር ድራም የመታውን ኤልቪን ጆንስንም ስማ። ከዚያ አጥንተህ የያዝከውን አንድ የሩዊንስ ምት ውሰድና ከችክችካ ጋር አጋጨው። እጅህ ችክችካን ያለ ሐሳብ ያውቀዋል፤ የዮሺዳ እጅ ግን አያውቀውም። እኔ ያንን ብሰማ ደስ ይለኛል።

የጓደኛህ ነገር ደግሞ ዮሺዳም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤዝ ተጫዋቹ ሲወጣ ሩዊንስ አሎን ብሎ ብቻውን ቀጠለ፤ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ እያጫወተ መድረክ ላይ በቀጥታ ይመታል። ደግሞም አንድ ባንድ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ኮኤንጂህያኬይ የሚባል ሰፋ ያለ ባንድ አለው፤ ከእንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴሬክ ቤይሊ ጋርም ሠርቷል።

አንተም እንጀራህን ከዚህ ሙዚቃ ብቻ አትጠብቅ። ሠርግ ላይ ምታ፣ ክለብ ውስጥ ሥራ፤ ነውር የለውም፣ እጅህም አይዝግም። ከትምህርትህ ጎን ለጎን ቀረጻና ሚክሲንግ (የተቀዱ ድምፆችን ማመጣጠንና ማዋሃድ) ተማር፤ ስቱዲዮዎች የሚከፍሉት ለዚህ ነው፣ ብቻህን ስትሠራም ያድንሃል። የድራምህን ቅጂ ለጓደኛህ ላክለት፤ ቤዙን እዚያ ሆኖ ቀድቶ ይመልስልህ። ተቀድቶ ያለቀ አንድ ሥራ ሲኖርህ ለእኔም ላክልኝ፤ ለማን ብታሰማው እንደሚሻል ያኔ አብረን እናያለን።