«እንክብሉን ልስጠው?»

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። አምና የገዛሁለት ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ነው። ደሙ ሲመረመር ቲፎር የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ከፍ፣ ቲስሪ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚያ የዘረመል ምርመራ ታዘዘና «ኤስቢፒ2 የሚባል ዘረመል ላይ ለውጥ አለ፣ ሰውነቱ ሴሊኒየም የሚባለውን ማዕድን በትክክል አይጠቀምም» ተባልኩ። ጎረቤቴ ባለ 200 ማይክሮግራም የሴሊኒየም እንክብል አምጥታልኛለች። ልስጠው? እርጉዝ ሆኜ በደንብ ስላልበላሁ ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ አይስጡት። በዚህ ዕድሜ በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ነው፣ ጣሪያው 150። ያ አንድ ፍሬ ብቻውን ጣሪያውን ያልፋል። ሴሊኒየም ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል፣ ትንፋሽንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ያሰኛል።

ደግሞም ችግሩ የምግብ አይደለም። ሴሎቻችን ፕሮቲን የሚሠሩት የዘረመሉን ትእዛዝ እያነበቡ ነው፣ ዩጂኤ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ላይ ሲደርሱም እኛ አራት ነጥብ ላይ እንደምናቆመው ያቆማሉ። ሴሊኒየም ያለባቸውን ፕሮቲኖች የሚሠሩት 25 ዘረመሎች ላይ ግን እዚያ መቆም የለም። ሴሊኒየም የያዘ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ) ገብቶ ንባቡ ይቀጥላል። «አታቁም፣ ቀጥል» ከሚሉት አንዱ ኤስቢፒ2 ነው። እሱ ሲደክም ንባቡ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ፕሮቲኑም ሳያልቅ ይቀራል። ቲፎርን ወደ ቲስሪ የሚለውጡት ኢንዛይሞች ከነዚሁ ፕሮቲኖች ውስጥ ናቸው። የልጅዎ ቲፎር ተከማችቶ ቲስሪው ያነሰው፣ ቁመቱም የዘገየው ለዚህ ነው።

ይህ ለውጥ መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ለውጡ ከተገኘባቸው ቤተሰቦች አንዱ የሳዑዲ አረቢያ ቤዱዊን (የበረሃ ዘላን ሕዝብ) ነበር። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ሴሊኒየም ሲሰጣቸው በደማቸው ያለው መጠን ጨመረ፣ የታይሮይዱ ነገር ግን አልተስተካከለም። ቲስሪን ራሱን በመድኃኒት መልክ የወሰዱ አንዳንድ ልጆች ግን ቁመታቸው ተሻሽሏል። ሐኪሙን መጠየቅ ያለብዎት ይህን ነው፣ ስሙ ሊዮታይሮኒን ይባላል፣ መጠኑን የሚወስነው የልጆች ሆርሞን ስፔሻሊስት ነው። አንዳንዶቹ ላይ ጡንቻና ጆሮም ስለሚነካ መስማቱንና የጡንቻ ጥንካሬውን እንዲያዩለት ይጠይቁ።

እርጉዝ ሆነው የበሉት ወይም ያልበሉት ነገር ይህን አላመጣም። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የተበላሸው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፣ እናንተ ግን አንድ አንድ ጤነኛ ቅጂ ስላላችሁ ምንም አይታይባችሁም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ ወንድም ወይም እህት ካለው፣ ቁመታቸው እስኪዘገይ ሳይጠብቁ ያስመርምሯቸው።