መጀመሪያ ታንኩን ሥሪ

ደብዳቤውን የላከችልኝ በርሚንግሃም የምትኖር የ23 ዓመት ወጣት ናት። የብር ሥራ ተምራ ዘንድሮ ትመረቃለች። የሎስ አንጀለሱ ፋልከን ወርክሾፕ ትራይምፍ፣ ቪንሰንትና ቬሎሴት ከሚባሉ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተርሳይክሎች ሞተር ተነስቶ የሠራቸውን ሞተርሳይክሎች ፎቶ ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ባጠራቀመችው ላይ ተበድራ የ1960ዎቹን አንድ ሙሉ ትራይምፍ ቦነቪል ሞተርሳይክል ልትገዛ፣ ቆርጣም የራሷን ልትሠራ አስባለች። እናቷ «እንግሊዝ አገር ያመጣሁሽ ቀጥቃጭ እንድትሆኚልኝ ነው?» ብለዋታል። «ምን ይመክሩኛል?» ትላለች።

ልጄ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሙያው ያንቺ ነው፤ ያንን ቦነቪል ግን አትግዢ።

በእናትሽ አትቀየሚ። «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል እኛ አገር ሰው ሲያቆስል የኖረ ነው፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ስድቡ ያን ያህል ሥር ስለሰደደ ነበር። እናትሽ የፈሩት ብረቱን ሳይሆን ስድቡን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ከመቶ በላይ ሞተርሳይክሎችን ሥዕል በሚሰቀልበት አዳራሽ ደርድሮ ለሕዝብ እንዳሳየ ንገሪያቸው። ከመንገር ማሳየት ይሻላልና ሶሊሀል ወዳለው ብሔራዊ የሞተርሳይክል ሙዚየም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከበርሚንግሃም ሩቅ አይደለም።

ወደ ቦነቪሉ ልመለስ። በዚያ ዘመን አንድ ትራይምፍ ከሜሪደን ፋብሪካ ሲወጣ በሞተሩና በፍሬሙ (ሞተሩ በሚታሰርበት አጽም) ላይ የሚመታው ቁጥር አንድ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘግቷል። ሁለቱ ቁጥሮች እስከ ዛሬ ሳይለያዩ የቆዩበት ሙሉ ሞተርሳይክል አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ አይገኝም፤ ዋጋውም ታሪኩም አብሮ ይወድቃል። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ስህተትሽን የምትሠሪው በብድር በተገዛ ዕቃ ላይ ይሆናል።

ደግሞም ይህ ጥበብ ያደገው በተራረፈ ዕቃ ነው። የቤልፋስቶቹ የማካንድለስ ወንድማማቾች ኖርተን ለተባለው ሌላ የእንግሊዝ ሞተርሳይክል የነደፉት ፌዘርቤድ የሚባል ፍሬም እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወጣ በመንገድ አያያዙ አቻ አልነበረውም። የትንንሽ ውድድር መኪና ሠሪዎች ግን የሚፈልጉት ሞተሩን ብቻ ነበር። ለብቻው ስለማይሸጥላቸው ሙሉውን ሞተርሳይክል ይገዙና ሞተሩን አውጥተው ፍሬሙን ወዲያ ይሉታል። ሞተር አልባ በቀረ የኖርተን ፍሬም ላይ የትራይምፍ ሞተር ሲቀመጥ ትራይተን የሚባለው ተወለደ፤ ለንደን የሞተረኞች መዋያ በነበረው ኤስ ካፌ ደጃፍ የሚሰበሰቡት ወጣቶች የሚኮሩበት እሱ ነበር። አንቺም ባዶ ፍሬምና ተፈትቶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ፈልጊ። የፍሬሙ ቁጥር ከመመዝገቢያ ደብተሩ ጋር ካልገጠመ አንድ ፓውንድ አታውጪ።

እሱም ቢሆን ቆይቶ ይደረስበታል። መጀመሪያ የነዳጅ ታንክ ሥሪ። ታንኩን ብቻ።

ሞተርሳይክል ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ታንኩ ላይ ነው። ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ ደግሞ አይጠፋም፤ ዝርግ ላሜራን ቀጥቅጦ እንደ እንባ ጠብታ የሚያሾል እጅ ግን ወርክሾፖች በፍለጋ የሚያገኙት ነው። ያ እጅ አንቺ ጋ አለ። የሚለየው ብረቱ ነው፤ ታንኩን የምትሠሪው በአሉሚኒየም ነው። ብርን በእሳት ስታለሰልሺ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይሽ ትጠብቂያለሽ። አሉሚኒየም እንዲህ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይለውጥ ይቆይና በድንገት ቀልጦ ቀዳዳ ይተውልሻል። ስለዚህ ላሜራውን በደረቅ ሳሙና እሺው። የጋዙን ነበልባል ከላዩ ወዲያ ወዲህ ስታደርጊ ሳሙናው ቡና ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሲጠቁር እሳቱን አንሺ። ከቀዘቀዘ በኋላ በመዳፍሽ ብቻ ሲታጠፍልሽ ታያለሽ። መዶሻሽን ስታሳርፊበት መጀመሪያ ድምፁ ታፍኖ ይሰማል፤ እየተቀጠቀጠ ሲጠነክር ይጮኻል። ሲጮህ እንደገና ሳሙናና እሳት።

የብር ሳህን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይኖራል፤ ታንክ ግን ዕድሜውን በሙሉ ይንቀጠቀጣል። የትራይምፉ ሁለት ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ ንዝረቱ እጅ ያደነዝዛል። ታንኩ በመካከሉ ጎማ ሳይገባ ፍሬሙ ላይ ከታሰረ ብየዳው ይሰነጠቅና ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለው ስህተት ሰው ያቃጥላል። ቅርጹን ሳትጀምሪ ማሰሪያውን አስቢ። ሠርተሽ ስትጨርሺም ጥቂት አየር ሞልተሽ ብየዳውን በሳሙና ውሃ ቀቢው፤ አንዲት አረፋ ካየሽ ሥራው አላለቀም።

የሚጎድልሽ የአሮጌ ማሽን ዕውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ለብቻ አይለመድም። እኔ በወጣትነቴ ኮቨንትሪ ውስጥ አንድ ጋራዥ ስሠራ ለአንድ አሮጌ ትራይምፍ የጠፋ ብሎን ለመተካት ከመሳቢያ የሚመስለውን አንስቼ አስገባሁ። ሁለት ዙር በሰላም ገባ፤ ሦስተኛው ላይ ጠበቀ። ገፋሁት። ሳወጣው የሞተሩን አሉሚኒየም ጥርስ ጠራርጎ ይዞት መጣ። ያስገባሁት ሜትሪክ ብሎን ነበር፤ የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ቀዳዳው ግን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው መለኪያ የተሠራ ነበር፤ የሱ 55 ነው። የዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንኳ የብሎኑን ውፍረት እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት አይነግርሽም። አጠገቤ የቆመ አንድ አዛውንት መካኒክ ቢኖር በአንድ ቃል ያስቆመኝ ነበር። አንቺ ያ ሰው አጠገብሽ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ከምረቃ በኋላ የራስሽን ስም በር ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት አሮጌ ሞተርሳይክል የሚያድስ ወርክሾፕ ተቀጠሪ። የአሮጌ ተሽከርካሪ ወርክሾፖች በተሰበሰቡበት ቢስተር ሄሪቴጅ ውስጥ የሚሰጠውን የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ተለማማጅነትም ጠይቂ፤ እየተከፈለሽ የምትማሪበት ነው። ትኩረቱ በአብዛኛው መኪና ላይ ቢሆንም የላሜራ ሥራው ያው ነው። ማመልከቻሽ ላይ ለሞተርሳይክል ስላለሽ ፍቅር ረጅም አትጻፊ። የታንኩን ፎቶ ላኪ፣ ያውም ከመቀባቱ በፊት። ቀለም ያረፈበት ታንክ ውስጡ ስንት ስቱኮ እንደያዘ ማንም አያውቅም፤ ባዶውን ላሜራ ያየ ባለሙያ ግን በዓይኑ ብቻ እጅሽን ይመዝነዋል።

ብድሩን ተይው። ያጠራቀምሽው ለላሜራ፣ ለጋዝና ለማታ የብየዳ ትምህርት ይበቃሻል። ታንኩን ስትጀምሪ አንድ ደብተር አጠገብሽ ይኑር፤ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ፣ ያበላሸሽበትንም ጭምር። አንድ ቀን ስለ ሥራሽ ዋጋ ስንነጋገር እሱን ይዘሽ ነይ።