ልጄ ሳል ይዞታል፣ እኔ ደግሞ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። የ10 ወር ወንድ ልጄን ጉንፋን ከያዘው ዛሬ 3ኛ ቀኑ ነው። ንፍጡ አይቆምም፣ ያስለዋል፣ ማታ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጡት ግን ይጠባል። አንድ ክሊኒክ ብወስደው ከአፍንጫው ናሙና ተወስዶ የቫይረስ ምርመራ ይደረግለት አሉኝ፤ ዋጋው ከበደኝና ተመለስኩ። አማቴ ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይላሉ። እኔ ራሴ እንቅርት አለብኝ። ትምህርት ዝግ በመሆኑ የዛሬ ሳምንት ሙሉ በሙሉ እንዲወጣልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሰው ሁሉ ድምፅሽ ይጠፋል እያለ ያስፈራራኛል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ እኔንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ቀጠሮው እንዳይሰረዝብኝ ለሐኪሙ ባልናገር ምን አለበት?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎን እግዜር ይማርልዎ።

ከመጨረሻዋ ጥያቄዎ ልጀምር። ይናገሩ። ዛሬውኑ ደውለው ይናገሩ።

ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። እንቅልፍ ከወሰደዎ በኋላ በአፍዎ በኩል ቱቦ ወደ አየር ቧንቧዎ ይገባል። በጉንፋን የተቆጣ የአየር ቧንቧ ደግሞ ቱቦ ሲነካው ይኮማተራል፣ አክታ ያበዛል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ከነቁ በኋላ ነው። ሰው በኃይል ሲስል የአንገቱ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። መስታወት ፊት ቆመው አንዴ ቢስሉ ያዩታል። ከሰዓታት በፊት የታሰሩ ደም ሥሮች ባሉበት አንገት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ ማደር ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያቅትዎትም።

ትኩሳትና አክታ ያለው ሳል ካለ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ይገፋል። ንፍጥ ብቻ ከሆነ የሰመመን ባለሙያው አይቶዎት ሊቀጥል ይችላል። ውሳኔው የእሱ ነው፤ ያልነገሩትን ግን ከየት አምጥቶ ይወስናል? ቀጠሮ ማጣት እንደሚያበሳጭ አላጣሁትም። አልጋ ተጠብቆ፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ ተለምኖ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ከክፍለ ሀገር መጥቶ። ቢሆንም ለዓመታት አንገትዎ ላይ የተቀመጠ እንቅርት ሦስት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይልም። እያፈነዎት ከሆነ፣ ወይም ከእንቅርቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር የሚያጠራጥር ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱንም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

አሁን ወደ ልጅዎ። የጻፉልኝ ምልክት ብሮንካዮላይትስ የምንለውን ሕመም ይመስላል። የሳንባ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች በቫይረስ ምክንያት ሲያብጡና በንፍጥ ሲሞሉ የሚመጣ ነው። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ዋናው ጥፋተኛ አር ኤስ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይህ ቫይረስ ያልነካው ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ኢንፍሉዌንዛም፣ ራይኖ ቫይረስም፣ ኮቪድም ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ። ያው ቫይረስ ትልቅ ሰው ላይ ጉሮሮ ከርክሮ ያልፋል። የእርስዎም ጉሮሮ ከልጅዎ ሳይጋባበት አልቀረም።

ስለ ምርመራው፣ ተመልሰው መውጣትዎ አያሳፍርም። ምርመራው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር ያሳያል፤ አንዳንዴ ግን ቫይረሱ እያለ የለም ይላል። ፒ ሲ አር የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ስለሚፈልግ ጥቂትም ብትሆን አታመልጠውም። እንዲያውም ልጁ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ እንኳ አለ ሊል ይችላል።

እኔ ወረቀቱን ከማዘዜ በፊት ራሴን የምጠይቀው ውጤቱ ምን ይለውጥልኛል ብዬ ነው። ልጁ ሆስፒታል የሚተኛ ከሆነ ይለውጣል፤ ከማን ጎን እንደሚተኛ ያስወስነናል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከሆነም ማወቁ ይጠቅማል፤ ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ከተገኘ ቶሎ ሲጀመር የሚረዳ መድኃኒት አለውና። ቤቱ ሆኖ ጡት ለሚጠባ ልጅ ግን አር ኤስ ቪ ተባለ ራይኖ፣ የሚደረግለት እንክብካቤ ያው ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ከፋርማሲ ‹‹ለማንኛውም›› ተብሎ የሚሰጥ ሽሮፕ ሆዱን ያስቀምጠው እንደሆነ እንጂ ሲር ሲሩን አያቆምለትም። ገንዘብ ማውጣትዎ ካልቀረ፣ ጣቱ ላይ ተደርጎ ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ ያስደርጉለት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛ ልጅም ላይ ቁጥሩ ቆላ ካለ ልጅ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከ90 በታች ከወረደ ግን ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ምርመራ ቤትዎ ሆነው በነፃ ይሠሩታል። ልጁ ሲረጋጋ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን እስከ ጡቱ ድረስ ይግለጡት። ስልክዎ ላይ 1 ደቂቃ ይያዙ። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ ሕፃን አንዴ ፈጠን አንዴ ዝግ እያለ ነው የሚተነፍሰው። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ይተዉትና በኋላ ይቁጠሩ። በ10 ወር ልጅ ላይ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። 1 ዓመት ሲሞላው መለኪያው ወደ 40 ይወርዳል። እግረ መንገድዎን ከጎድን አጥንቱ በታች ያለውን ቦታ ይዩት። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ መቁጠሩንም ይተዉትና ይዘውት ይሂዱ። ጡት አልጠባ ካለ፣ የጠባውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ለአፍታም ቢሆን ከተቋረጠ ሌሊት ነው ብለው አያሳድሩት። መኪና ካጡ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ነገና ከነገ ወዲያ ትንሽ ቢብስበት አይደንግጡ፤ ይህ ሕመም ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው የሚከብደው። ከዚያ ይቀልለታል። ሳሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊከርም ይችላል። ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን ከፋርማሲ በሚገዛ የጨው ውኃ ጠብታ ያርሱትና ይጥረጉለት። ጡት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። 1 ዓመት ስላልሞላው ማር አይቅመስ። ቅቤ በአፍንጫውም በጉሮሮውም አይግባ፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ብርድ ነው ተብሎ ከሰልም እሱ ያለበት ክፍል አይጨስ።

እንጥሉን በተመለከተ አማትዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ እሳቸውም የሰሙትን ነው የሚሉት። ነገር ግን እንጥል ሳልም ሲር ሲርም አያመጣም። ሕመሙ ያለው ከእንጥሉ ብዙ ወረድ ብሎ ሳንባ ውስጥ ነው። እንጥል ሲቆረጥ ደም አልቆም ያለው ሕፃን አይቻለሁ። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከመቁረጫው ቴታነስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ጉዳይ እሺም እምቢም እንዳይሉ፤ እምቢ ይበሉ።

እንግዲህ ወደ አንገትዎ። ‹‹ድምፅሽ ይጠፋል›› የሚሉዎት ሰዎች ከምንም ተነስተው አይደለም። ሲያብጥ እንቅርት ከምንለው የታይሮይድ ዕጢ ጀርባ በግራና በቀኝ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱ ክር የመሰሉ ነርቮች ያልፋሉ። ጎበዝ ሰርጀን እያየ፣ እየለየ ነው የሚሠራው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅ ሻከር ማለቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ለዘለቄታው የሚቀረው በለመደ እጅ ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ላይ ነው። የሚያስተምሩት በድምፅዎ ነውና መምህርት መሆንዎን ይንገሯቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የድምፅ አውታርዎ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። በዓመት ስንት እንቅርት ይሠራሉ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ይህን ቀዶ ሕክምና ከገዳይነት ያወጣው የስዊዘርላንዱ ቴዎዶር ኮኸር፣ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቅርቶችን ሠርቶ ነው። ይህ ሥራ ልምድ ይፈልጋል።

እኔን ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ደም መፍሰስ ነው። በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን፣ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመጣል። ደሙ ከቆዳው በታች ይጠራቀምና የአየር ቧንቧን ይጫናል። አንገት ሲያብጥ፣ ሲወጥር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ነርስ የሚጠራው ወዲያው ነው እንጂ ሐኪሙ ሲዞር አይደለም። አንዳንዴ ስፌቱ እዚያው አልጋ ላይ ይፈታል። አስታማሚዎች በክረምት ብርድ የታማሚዋን አንገት በነጠላ ጠቅልለው ያሳድራሉ። እባክዎ እግርዎን በጋቢ ይሸፍኑልዎ፣ አንገትዎ ግን ይታይ።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። ከታይሮይዱ ጀርባ ምስር የሚያካክሉ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። የደማችንን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ሙሉው ታይሮይድ ሲወጣ እነዚህ ይደነግጣሉ፤ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሥራ ያቆማሉ። ተረኛ በነበርኩበት አንድ ምሽት፣ ከተሠራች በ2ኛ ቀኗ ላይ የነበረች ሴት የሻይ ብርጭቆዋን እንዳስቀምጥላት ጠየቀችኝ። ‹‹እጄ ደንዝዞ ነው›› አለች፣ ጉሉኮሱ የገባበት እጅ ስለሆነ መስሏት። ከንፈርሽስ ብላት፣ ‹‹እሱማ ከጧት ጀምሮ ይነዝረኛል›› አለች። ጣቶቿ እያየኋቸው ተኮማተሩ። ካልሲየም በደም ሥሯ ተሰጣት፣ ተስተካከለች። ያ ንዝረት ከጧት ቢነገር ኖሮ በኪኒን ያልፍ ነበር።

ስለዚህ የከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ መንዘር፣ የእጅና የእግር መሸማቀቅ ከተሰማዎ ያኔውኑ ይናገሩ። በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ነው፤ ቤትዎ ገብተውም ሊሆን ይችላል። ሲወጡ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ከታዘዘልዎ ደህና ነኝ ብለው አያቋርጡ። ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ ወተቱም ይቀራል፣ ጡትም እያጠቡ ነው፤ በጤፍ ብቻ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። ለሚጠባ ልጅ አይጎዳም። ጧት በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስም ከቡናም 1 ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። ቡና ኪኒኑ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ለአገራችን ሰው ከባዱ ትእዛዝ ይህ መሆኑን አውቃለሁ። ካልሲየሙ ደግሞ 4 ሰዓት ርቆ ይወሰዳል።

ሙሉ በሙሉ ነቅተው ልጅዎን መያዝ ከቻሉ በዚያው ቀን ማጥባት ይችላሉ። ማንሳት ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ይቅር፤ ሌላ ሰው አንስቶ እቅፍዎ ላይ ያስቀምጥልዎ። ለዚህ አማትዎ አሉ።