ዎርድፕረስ ኤፍቲፒ ሲጠይቅህ 777 አትበል፣ ባለቤቱን እይ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያውን) ጭነህ ፎቶ አልቀበልም ብሎሃል፣ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ልጨምር ስትል የኤፍቲፒ፣ ማለትም የፋይል መላኪያ፣ ስምና ፓስዎርድ ይጠይቅሃል፣ አንዱ ደግሞ «ፈቃዱን 777 አድርገውና ተገላገል» አለህ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ ክፈተው ማለቱ ነው። ኧረ በእግዜር፣ እንዳትሰማው!

1ኛ. ከቁጥሩ በፊት ባለቤቱን እይ። መቼም ዚፑን የፈታኸው በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ገብተህ ነው፤ ስለዚህ ፋይሎቹ የሩት ናቸው። ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ አፓቼ፣ ግን ኡቡንቱ ላይ የሚሠራው «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ሰረዝ ዳታ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው። ለእሱ የሰው ቤት ነው፣ ማየት እንጂ መጻፍ አይችልም። ኤፍቲፒ የሚጠይቅህም ለዚሁ ነው። ባለቤት በሚቀይረው በቾውን (chown) ትዕዛዝ የሳይቱን ፎልደር ከነውስጡ ወደዚያ ተጠቃሚ አዙረው።

2ኛ. ቀጥሎ ፈቃዱን፦ ፎልደሮቹን 755፣ ፋይሎቹን 644፣ ለየብቻ አድርግ፤ ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል ብቻ። የዳታቤዝ ፓስዎርድ ያለበትን የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል 640፤ ከባለቤቱና ከቡድኑ ውጪ ማንም አያነበውም።

3ኛ. ስለ 777... ይቺን ቁጥር ሳይ ደሜ ይፈላል። የቤት ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። እኔ ሥራውን ሳልረከብ የሆስቲንጉ ሰውዬ ራሱ የፎቶውን ፎልደር 777 አድርጎለት ሄዷል። ሠራ፣ ሁሉም ተደሰተ። ኋላ ከጉግል የሚመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቁማር ገጽ ይወሰድ ጀመር። ባለቤቱ አድራሻውን ራሱ ጽፎ ሲገባ ሳይቱ ደህና ስለሆነ ደንበኞቹን ውሸታም እስከ ማለት ደርሶ ነበር! ሆስቲንጉን ስጠይቅ «ኮድህን አስተካክል» ብለው ትኬቱን ዘጉብኝ። ራሳቸው ከፍተው!

ፎልደሩን ስበረብር በፎቶዎቹ መሃል ፒኤችፒ ፋይሎች፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩ የኮድ ፋይሎች፣ ተሰግስገዋል። ፎቶና ሰነድ ብቻ በሚቀመጥበት ቦታ ኮድ ምን ይሠራል? ዎርድፕረሱንም ፕለጊኖቹንም ከዋናው ምንጭ አዲስ አወረድኩ፣ ዳታቤዙንና ፎቶዎቹን አጣርቼ መለስኩ፣ ፓስዎርዶቹን በሙሉ ቀየርኩ። «ከዜሮ ካልተሠራ አይድንም» የተባለው ሳይት ያው እስከ ዛሬ እየሸጠ ነው።

የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ሳይቶች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት) ላይ ብትሆን ቾውን አይፈቀድልህም፣ አያስፈልግህምም። እዚያማ 777 ስታደርገው ጭራሽ 500 የሚል ስህተት የሚያወጡ ሰርቨሮች አሉ፤ ሆን ተብሎ ነው።

አሁንም እምቢ ካለህ የፋይሎቹን ዝርዝር ከነባለቤታቸው ስክሪንሹት አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። የኮንፊጉን ውስጥ ግን እንዳትለጥፍ!